ከእንግሊዝኛ ወደ ስፓኒሽ፣ በድሬዳዋ በኩል

የድሬ ሰው ሐረር ይወጣል እንጂ አይሄድም። ከሐረርም ይወርዳል እንጂ አይመለስም። «የት ጠፍተሽ ነው?» «ሐረር ወጥቼ፤ ትናንት ወረድኩ።» አለቀ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ የደንገጎ ዳገትም፣ ጠመዝማዛውም፣ ላብ በላብ ሆኖ ተነስቶ ጃኬት መፈለጉም እዚያች አንዲት ግስ ውስጥ ገብተዋል።

እንግሊዝኛ ይህን ለማለት ሁለት ቃል ያወጣል። «ጎ» ይላል፣ ከኋላው «አፕ» ይቀጥልበታል። ሲመለስ «ካም» ይልና «ዳውን» ያስከትላል። ግሱ የሚናገረው መንቀሳቀስህን ብቻ ነው፤ ወዴት እንደሆነ የምትናገረው ያቺ ጭራ ናት። ስፓኒሽ ግን ድሬ የተወለደ ይመስል «ሱቢር» ብሎ ይወጣል፣ «ባሃር» ብሎ ይወርዳል። ጭራ የለውም።

ይህን የማነሳው ሰሞኑን እጄ ላይ ባለው ሥራ ምክንያት ነው። ስፔን ያለ አንድ አስጎብኚ ለሐረር ጎብኚዎቹ የሚያድለውን የእንግሊዝኛ መግለጫ ወደ ስፓኒሽ እየመለስኩ ነው። ጀጎል፣ ጅቦቹ፣ ቡናው፣ ገበያው፣ ከዚያ ወደ ድሬ ወርዶ የባቡር ጣቢያው። ጽሑፉ መጥፎ አይደለም፤ የጻፈው ሰው እንግሊዝኛ ሲጽፍ ጭራ ያላቸውን ግሶች ይወዳል። በእያንዳንዱ መስመር «አፕ»፣ «አውት»፣ «ኢን»፣ «አዌይ» ተሰክቷል። ከየአንዳንዱ ጎን ደግሞ በ«ሊ» የሚያልቅ ተውሳከ ግስ ቆሟል።

«ድሬ ተቀምጠሽ ስፓኒሽ ከየት አመጣሽው?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ከአባቴ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተደረገው የኦጋዴን ጦርነት የኩባ ወታደሮች እዚሁ ምሥራቅ ግንባር ከኛ ጋር መዋጋታቸውን የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ከጦርነቱ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ ተላኩ፤ አባቴ ከነዚያ አንዱ ነው። ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ በምትባለው ደሴት ግማሹን ቀን ሲማሩ ግማሹን ቀን የብርቱካንና የግሬፕፍሩት ማሳ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ስፓኒሹን ከመማሪያ ክፍሉ ይልቅ ከማሳው ነው ያመጣው ይመስለኛል፤ ትእዛዝ ሲሰጥ በጣም ይቀናዋል። እኛ ቤት ቁጣ በስፓኒሽ፣ ምርቃት በአማርኛ፣ ሒሳብ በኦሮምኛ ነው። ሶማሊኛው የእናቴ ነው፤ እሱን ደግሞ ሐሜት ሲኖር ታወጣዋለች።

ወደ ጭራዎቹ ልመለስ። እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ሁሉ የፍሬዛል ቨርብ፣ ማለትም ጭራ ያላቸው ግሶች፣ ዝርዝር ይዞ ሲሸመድድ ታገኙታላችሁ። ለተርጓሚ ግን ያ ዝርዝር ገደል ነው። «ቴክ ኦፍ» የምትለዋን ውሰዱ። አውሮፕላን ከሆነ ተነሳ፣ ጫማ ከሆነ አወለቀ፣ ሰው ከሆነ ሄደ። ስፓኒሹም እንደዚያው ሦስት ነው፤ ለአውሮፕላኑ «ዴስፔጋር»፣ ለጫማው «ኪታርሴ»፣ ለሰውየው «ኢርሴ»። «ፑት አፕ ዊዝ» ሦስት ቃል ሆና «ቻለ» ለምትለው ለአንዲቷ ግሳችን ትቆማለች፤ ስፓኒሹ «አጉዋንታር» ነው። «ሉክ ፎር» ፈለገ፣ «ቡስካር»። አያችሁት? በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ መካከል ድልድይ የለም እያልኩ ስባክን አማርኛው መሐል ላይ ቆሞ ነበር፤ እሱ የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ስፓኒሹም ተሰንጥቋል።

እና አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። እንግሊዝኛውን አነባለሁ፤ ዓይኔን ከስክሪኑ ላይ አነሳለሁ፤ ነገሩን እናቴ ብትነግረኝ እንዴት ትለው ነበር ብዬ በአማርኛ ጮክ ብዬ እናገረዋለሁ፤ ከዚያ ስፓኒሹን እጽፋለሁ። ቀጥታ ከመሄድ ዞሮ መሄድ ይፈጥናል ብሎ የሚከራከር ሰው ሞኝ ይመስላል። ግን ሞክሩት።

ምሳሌ ከዚሁ መግለጫ ላስገባ። ጀጎልን ያጠረው ግንብ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው፤ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ግንቡ ሥር ደግሞ ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ። እንግሊዝኛው ስለ ጅቦቹ ሲናገር «ስሊፕ ኢን» ይላል፣ ጥቂት ቃላት ዘልሎ «ስሊፕ አዌይ» ይላል። መዝገበ ቃላት ብትከፍቱ «ስሊፕ» ማለት ተንሸራተተ ነው። ጅቦቹ በሙዝ ልጣጭ ላይ ይሄዱ ይመስል ስፓኒሹ ላይ «ሬስባላር» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ አይታችሁ አታውቁም? እኔ አይቻለሁ፤ ሆቴል ቤት ግድግዳ ላይ በፍሬም ተሰቅሎ።

በአማርኛ በሉት፦ ሲመሽ ሹልክ ብለው ይገባሉ፣ ሳይነጋ ሹልክ ብለው ይወጣሉ። ዋናው ግስ ገባ እና ወጣ ነው፤ አኳኋኑን «ሹልክ» ወስዶታል። ስፓኒሽም በሩን መግባትና መውጣት ላይ ነው የሚከፍተው። «ኤንትራን» ብዬ አኳኋኑን ከኋላ ላስከትል እችላለሁ። ደስ ሲለኝ ደግሞ «ሴ ኩዌላን» እላለሁ፤ ሾልኮ መግባትን በአንድ ቃል የያዘ ግስ ነው፣ ወረፋ ላይ ጣልቃ ለሚገባ ሰውም ያው ግስ ነው የሚባለው። ለመውጫቸው «ሴ ኤስካቡየን»። ጅቦቹ ስፓኒሽ ሆኑ።

ቅደም ተከተሉ ብቻ ይገለበጣል። «ሮጦ ወጣ» በስፓኒሽ «ሳሊዮ ኮሪየንዶ» ነው፤ መጀመሪያ ወጣ፣ ከዚያ እየሮጠ። «መንገዱን እየሮጠ ተሻገረ»፣ «ክሩሶ ላ ካዬ ኮሪየንዶ»። የአማርኛው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የተቀመጠውን ግስ አንስታችሁ ስፓኒሹን በእሱ ጀምሩ። እንግሊዝኛው ግን ሩጫውን ዋና ግስ አድርጎ መሻገሩን «አክሮስ» ለምትባል ጭራ ይሰጣታል። ሊዮናርድ ታልሚ የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ቋንቋዎችን በዚህ ለይቷቸዋል፤ መንገዱን ግስ ውስጥ የሚያስገቡና መንገዱን ከግስ ውጭ የሚያስቀምጡ ብሎ። ስፓኒሽ ከመጀመሪያዎቹ፣ እንግሊዝኛ ከሁለተኛዎቹ ነው። የኛ አማርኛ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሐረር የወጣ ሁሉ ያውቃል።

አንድ ረቂቅ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በጣም ስለምወደው ነው። ስፓኒሽ ሩጫን ጨርሶ ዋና ግስ አያደርግም ማለት አይደለም። «እስከ በሩ ሮጠ» ይባላል፤ «ኮሪዮ አስታ ላ ፑዌርታ»። የማይባለው በሩን አልፎ ሲገባ ነው። እንግሊዝኛው በ«ራን ኢንቱ» የሚለውን ስፓኒሹ በሩጫ ግስ ልበለው ካለ ሰውየው ቀድሞውኑ ቤት ውስጥ ሆኖ ሳሎኑን ሲዞር ይታያል። አማርኛውን መርምሩት፦ «እስከ በሩ ሮጠ» ያስኬዳል፤ «ቤት ውስጥ ሮጠ» ካላችሁ ግን ልጆቹ ሶፋ ላይ እየዘለሉ ነው ማለት ነው። ወደ ውስጥ ለማስገባት «ሮጦ ገባ» ማለት ግድ ነው። ደፉን ስትሻገር ግሱ መቀየር አለበት። ሁለት ዘር የማያገናኛቸው ቋንቋዎች እዚያው አንድ ደፍ ላይ እግራቸውን ሲያነሱ ሳይ እስቃለሁ።

የአሹራ ገንፎ ገጽ ላይ ስደርስ ደግሞ ጭራዋ ራሷ ዜና ሆነች። በአሹራ በዓል ለጅቦች በቅቤ የተለወሰ ገንፎ ይቀርባል። እንደሚነገረው የጅቦቹ አለቃ ከግማሽ በላይ ከበላ ዓመቱ ጥጋብ ነው፤ ካልነካው ወይም ሁሉንም ከጨረሰው ግን ጥሩ ምልክት አይደለም፣ ሰው ለጸሎት ይሰበሰባል። እንግዲህ እዚህ ላይ «ኢት» እና «ኢት አፕ» መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ዓመት እህል ነው። «አፕ» ወደ ላይ የሚል ትርጉም የላትም፤ ጥርግ ማድረግን ነው የምታመለክተው። ስፓኒሽ ለዚህ ግሱን ወደ ራስ ያዞረዋል፤ «ኮሜ» ይበላል፣ «ሴ ላ ኮሜ ቶዳ» ጥርግ አድርጎ ይበላታል። ያችን «ሴ» የረሳ ተርጓሚ ከተማውን ሙሉ ያለ ምክንያት ጸሎት ላይ ያቆመዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የውሃና የመብራት ነገር ነው።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ውሃ ሲያልቅበት «ራን አውት ኦፍ» ይላል፤ ባለቤቱ እሱ ነው፣ ሮጦ ከውሃው የወጣ ይመስል። እኛ «ውሃ አለቀብን» እንላለን። ያለቀው ውሃው ነው፤ እኛ ላይ ነው ያለቀው። ስፓኒሹ፦ «ሴ ኖስ አካቦ ኤል አጉዋ»። ቃል በቃል፣ «ኖስ» ማለት «ብን» ነው። ብርጭቆው ወደቀብኝ፣ «ሴ ሜ ካዮ»። ሩዙ አረረብኝ፣ «ሴ ሜ ኬሞ»። ቁልፉ ጠፋብኝ፣ «ሴ ሜ ፔርዲዮ»። እንግሊዝኛ ብርጭቆ የሰበረውን ሰው ስሙን ጠርቶ ባለድርጊት ያደርገዋል፤ አማርኛና ስፓኒሽ ብርጭቆውን ራሱን ይከስሱና ሰውየውን ተጎጂ አድርገው ያሳልፉታል። የትኛው ትክክል እንደሆነ ለዳኞች እተወዋለሁ። ግን እናቴ ፊት የተሰበረ ብርጭቆ ይዛችሁ ቁሙና ቋንቋ ምረጡ።

መብራቱን ደግሞ ስሙት። እንግሊዝኛ «ጎ አውት» እና «ካም ባክ ኦን» ይላል። እኛ? መብራት ሄደ፤ መብራት መጣ። ኩባ? «ሴ ፉዌ ላ ሉስ»፣ ሄደ። «ቢኖ ላ ሉስ»፣ መጣ። ጭራም፣ ማብራሪያም የለም፤ መብራት እንግዳ ነው፣ ይመጣል ይሄዳል። አባቴ እንደሚለው መብራት ሲመጣ የሰፈሩ ልጆች በአንድ ድምፅ የሚጮሁት ጩኸት ሳይቀር አንድ ነው። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. መላ ኩባ በአንድ ጊዜ ጨለማ ውስጥ የገባች ጊዜ እዚያ ካለው የድሮ ጓደኛው ስልክ ሲቀበል ሰማሁት። ሰላምታ አልነበረም። «ሴ ፉዌ፣ ኤርማኖ፣ ሴ ፉዌ።» አባቴ በአማርኛ መለሰለት፤ «የኛም ሄዷል፣ ወንድሜ።» የተግባቡ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ተውሳከ ግሶቹ። እንግሊዝኛ «ሊ» የሚላትን ስፓኒሽ «ሜንቴ» ይላታል ብሎ ትምህርት ቤት ያስተምራል። እውነት ነው፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። «ሜንቴ» ከላቲን የመጣች ናት፣ አእምሮ ማለት ነበር፤ «ሌንታሜንቴ» ከሥሩ በዝግተኛ አእምሮ እንደማለት ነው። ይህን ሳውቅ ዜናችን ትዝ አለኝ፤ «ውይይቱ በወንድማማችነት መንፈስ ተካሂዷል» የሚለው። መንፈስ፣ አእምሮ፣ ሁኔታ፣ መልኩ፣ አግባቡ። በአማርኛ «በተቀላጠፈ ሁኔታ»፣ «በአስደናቂ ሁኔታ»፣ «በተጠናከረ መልኩ» እያለ የሚጽፍ ሰው ጽሑፉ ምን እንደሚሸት ታውቃላችሁ፤ የስብሰባ አዳራሽ ይሸታል። «ሜንቴ» የበዛበት ስፓኒሽም ለባለቤቶቹ እንደዚያ ነው የሚሸታቸው። ስፓኒሾቹ ራሳቸው ሁለት ሲደራረቡባቸው ከመጀመሪያው ላይ ጭራውን ቆርጠው ይጥላሉ፤ «ሌንታ ኢ ኩይዳዶሳሜንቴ» ይላሉ፣ አንዱ «ሜንቴ» ለሁለቱም ይበቃል።

መግለጫው ጅቦቹን ስለሚያበላው ሰው ሲያወራ ቀስ፣ ጸጥ፣ ጥንቃቄ የሚሉ ሦስት «ሊ»ዎች አሰልፏል። ሦስት «ሜንቴ» ልደረድር? እናቴን ጠራኋት፣ በልቤ። ቀስ ብሎ፣ ሳይንኮሻኮሽ፣ በጥንቃቄ። አንዱ በ«ብሎ»፣ አንዱ በ«ሳይ»፣ አንዱ በ«በ»። ስፓኒሹ ወዲያው መጣ፦ «ዴስፓሲዮ፣ ሲን አሴር ሩይዶ፣ ኮን ኩይዳዶ»። የኛ «ሳይ» የስፓኒሽ «ሲን» ናት፤ ድምፅ ሳያሰማ፣ ሳያስበው፣ ሳይከፍል። «ሲን ኬሬር»፣ ሳይፈልግ፣ ሳያውቅ በስህተት ላደረገው ሁሉ የሚባል ነው። የኛ «በ» ደግሞ እንደ ሁኔታው «ኮን» ወይም «አ» ወይም «ዴ» ትሆናለች፤ በእግር «አ ፒዬ»፣ በቃሉ «ዴ ሜሞሪያ»፣ በእርግጫ «ዴ ኡና ፓታዳ»። እንግሊዝኛው በሩን ረግጦ መክፈትን «ኪክ» ብሎ «ኦፕን» ሲያስከትልበት ስፓኒሹ በሩን በእርግጫ ይከፍተዋል፤ እኛም እንደዚሁ።

ሌላም አለ። አማርኛ እውነተኛ ተውሳከ ግስ ብዙ የለውም፤ ገና፣ ቶሎ፣ ክፉኛ፣ ምንኛ ብለህ ብዙም ሳትቆይ ታልቅብሃለች። የቀረውን ሥራ ግሶቹ ራሳቸው ይሠሩታል። መልሶ፣ ደጋግሞ፣ አስቀድሞ፣ አጥብቆ፣ ጨርሶ፣ ፈጽሞ፣ አዘውትሮ፣ ሆን ብሎ፣ ውሎ አድሮ፤ ሁሉም ቦዝ ናቸው፣ ሥራ የቀየሩ ግሶች። እንግሊዝኛ «አጌን» በሚልበት ቦታ ስፓኒሽ ጥሩ ጸሐፊ «ቦልቤር» የሚለውን ግስ ያስቀድማል፤ መመለስ ማለት ነው። «ቦልቢዮ አ ያማር»፣ መልሶ ደወለ። «ዩዡዋሊ» በሚልበት ቦታ «ሶሌር» የሚባል ግስ አለ፣ የኛ አዘወተረ ወንድም። «ኖት ኤኒሞር» በሚልበት «ዴሃር»፣ ተወ። አባቴ ማጨስ «ዴሄ» ብሎ ተናግሯል፤ ማጨስ ትቻለሁ ማለት ነው፣ እናቴ በአራቱም ቋንቋ አላመነችውም።

ከዚሁ ከ«ዴሃር» ለማስታወቂያ ጽሑፍ ወርቅ የሆነ አነጋገር ይወጣል። እንግሊዝኛ «ዶንት ሚስ» ብሎ በጩኸት የሚያዝዘውን ስፓኒሽ «ኖ ዴሄ ዴ ፕሮባር» ይለዋል። ምን ማለት ነው? ሳይቀምሱ እንዳይቀሩ። የሐረር ሰው ለእንግዳ የሚለው እሱኑ ነው፤ ቡናችንን ሳይቀምሱ እንዳይሄዱ። ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ ልመና ይሆናል።

«ኢቨንቹዋሊ» ላይ ግን ቀስ። ስፓኒሽ «ኤቤንቱዋልሜንቴ» የምትባል መንታ የምትመስል ቃል አላት፤ ትርጉሟ ግን እንደ አጋጣሚው፣ ምናልባት፣ አልፎ አልፎ ነው። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ድሬ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። መግለጫው በመካከሉ ያለውን ዘመን ሁሉ በ«ኢቨንቹዋሊ» ዘልሎታል። ያችን መንታ ብጽፍ ባቡሩ አዲስ አበባ የሚደርሰው ደስ ሲለው ነው የሚል ሊሆን ነው፤ አንዳንድ ዘመን ላይ እውነትነት ባይጠፋውም የታሪክ መግለጫ ውስጥ አይገባም። ውሎ አድሮ ደረሰ። «ኮን ሎስ አኞስ»፣ ከዓመታት ጋር።

አማርኛ ሁሌ ያደርሳል አላልኩም። አንድ ቦታ ላይ ሆን ብሎ የሚያሳስት ይመስል ጉድጓድ ቆፍሯል፤ ቦዙ። «ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ሻይ አዝዞ፣ ጋዜጣውን ዘረጋ» እንላለን፣ አንዱን በአንዱ ላይ እንደረድራለን፤ ቅደም ተከተሉ ከራሱ ይመጣል። ስፓኒሹ ላይ ያንን ሁሉ በ«አንዶ» እና በ«የንዶ» በሚያልቁ ግሶች ብትደረድሩት ሰውየው እየገባ፣ እየተቀመጠ፣ እያዘዘ በአንድ ጊዜ ጋዜጣ ሲዘረጋ ይታያል። ስፓኒሽ ሄሩንዲዮ የሚለው ይህ ነገር አብሮ የሚሆነውን ነው የሚገልጸው፤ ተራ የሚጠብቀውን አይደለም። መፈተኛው ቀላል ነው፣ ለሚማሩት ሁሉ እነግራለሁ፤ ቦዙን በ«እየ» ለውጠው። «ሮጦ ወጣ»፣ «እየሮጠ ወጣ» ብትል ነገሩ አልተቀየረም፤ እንግዲያው «ኮሪየንዶ» ጻፍ። «በልቶ ወጣ»፣ «እየበላ ወጣ» ብትል ግን ሳንቡሳውን በእጁ ይዞ ነው የወጣው። ስለዚህ «ኮሚዮ ኢ ሳሊዮ»፣ በላና ወጣ። «እየ» ካልገባ ሄሩንዲዮም አይገባም።

ሌላው ጉድጓድ ጥልቅ አይደለም፣ ግን ያሳዝነኛል። ፈትለክ አለ፣ እብስ አለ፣ ዘው ብሎ ገባ፣ ጎምለል እያለ መጣ። እነዚህን በስፓኒሽ ለማስቀረት የምታገለው ትግል ሁሌ በግማሽ ያልቃል። «ሳሊዮ ዲስፓራዶ» ይባላል፣ እንደ ጥይት ወጣ፤ ፈትለክን ይጠጋታል። እብስ ለማለት «ሴ ኤስፉሞ» አለ፣ እንደ ጭስ ጠፋ። ጎምለል ግን? በአምስት ቃል ማብራራት ይቻላል፤ አምስት ቃል የሚያስፈልገው ሰው ጎምለል አላለም። እንግሊዝኛው እንኳ አካሄድን የሚቆጥሩ ብዙ ግሶች አሉት፣ ተርጓሚ ስፓኒሹ ላይ ግማሾቹን ጥሎ ማለፍ ይቀለዋል። መጣል ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። አንድ ሰው ቡና ቤት ውስጥ ሲዞር በየመስመሩ አረማመዱን መንገር የእንግሊዝኛ ልማድ ነው እንጂ የታሪኩ ግዴታ አይደለም። መግባቱ ከበቃ ይግባ።

የአባቴ ስፓኒሽ የኩባ መሆኑ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እሱ ባጃጅ ለመያዝ «ኮሄር» ይላል፣ ኩባም ስፔንም ይህን የሚለው ሰው ጨዋ ነው። አርጀንቲናዊ ወይም ሜክሲኮ ሰው ፊት ግን አትሞክሩት፤ ትርጉሙን እዚህ አልጽፈውም፣ እናቴ ታነባለች። አውቶቡስ በእሱ አፍ «ጉዋጉዋ» ነው፣ ማድሪድ ላይ ግን «አውቶቡስ» ነው። «አኦሪታ» የምትለዋ ቃል ለኩባዊ ቆይቶ ማለት ናት፤ ሌላ አገር አሁኑኑ ልትሆን ትችላለች። እኛ ከዚህ የተሻልን አይደለንም፤ ቦርሳ አንስቶ ከቤት እየወጣ «አሁን መጣሁ» የሚል ሰው የሚሄድ ነው ወይስ የሚመጣ? ስፓኒሾቹም በሩ ላይ ቆመው «አኦራ ቤንጎ» ይላሉ፣ አሁን እመጣለሁ፣ ይሄዳሉ።

የቀረኝ የድሬ ገጽ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከተማዋ በባቡሩ ዙሪያ «ስፕራንግ አፕ» አደረገች ይላል፤ ከመሬት ቡልቅ እንዳለ ምንጭ። በአማርኛ ከተማ ይቆረቆራል፤ ግን የሚቆረቁር ሰው ይፈልጋል፣ ስፓኒሹም «ፉንዳር» ሲል እንደዚያው ነው። አርታኢዋ ስፔን ሆና «ሱርሂዮ» ትበል አለች፣ ብቅ አለች። አባቴ «ናሲዮ»፣ ተወለደች፣ ይላል፤ ባቡሩ ባይመጣ ከዚራም፣ ዴፖም፣ እሱ ያደገበት ሰፈርም የሉም ባይ ነው። ሁለቱም አልጣሙኝም። ሐዲዱ ከመዘርጋቱ በፊት እዚህ ኦሮሞና ሶማሌ ከብትና ግመሉን ያጠጣ ነበር፤ ባዶ ሜዳ ላይ ብቅ ያለ ነገር የለም። «ክሬሲዮ» ጻፍኩ፣ አደገች፤ ከባቡሩ ጋር አደገች። አርታኢዋ «ሱርሂዮ» ብላ አርማ ላከችው። እኔም መልሼ «ክሬሲዮ» ብዬ ላክሁት። አባቴ ኮፒ ይደረግልኝ ብሏል።